የሞት ፍርደኛውን ማን ይጠይቀው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ጌታችን በመጨረሻው ቀን ስለሚጠይቀን ነገር በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ሲያስተምር ከቈጠራቸው የምሕረት ሥራዎች አንዱ እስረኛን መጠየቅ ነው። ይህን ምዕራፍ ከመካከላችን ያልተማረ የለም። የተራበውን ማብላት፣ የተጠማውን ማጠጣት፣ የታረዘውን ማልበስ ቶሎ ይገባናል። እስረኛው ዘንድ ስንደርስ ግን ልባችን ወደ ኋላ ይላል፤ «በምን ታሰረ?» ብለን አስቀድመን እንጠይቃለን። ጌታ ግን በዚያ ትምህርቱ የታሰረበትን ምክንያት አላነሣም። ራሱን በእስረኛው ቦታ አኖረ እንጂ ንጹሑን ከበደለኛው አልለየም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የወደድኩት ከእስረኞች ሁሉ በመጨረሻው መስመር ላይ ስለ ቆመው፣ ሞት ስለ ተፈረደበት ሰው ነው። በመጀመሪያ ከግንቡ ውስጥ ሆነን፣ ቀጥሎም ከግንቡ ውጭ ሆነን እንመልከተው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የተመለከተ ሰው ወይ ለሟቹ፣ ወይ ለገዳዩ ነፍስ ግድ የሌለው ሆኖ ይቀራልና።

ስሞቹ ምን ይነግሩናል?

በአገራችን እስር ቤት ብዙ ስም አለው። «ወህኒ ቤት» የሚለው ስም ከጣና በስተ ምሥራቅ ካለው ከወህኒ አምባ የመጣ ነው ይባላል። በዚያ አምባ ላይ በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይሻሙ ይታሰሩበት ነበር። በዐፄ ፋሲል ዘመን እስር ቤት የሆነው አምባ ዛሬ ጭር ብሏል፤ የንጉሡም ዐፅም እዚሁ በሐይቃችን ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ዐርፏል። አሳሪም ታሳሪም ወደ አንድ ዳኛ ፊት ሄደዋል።

«ከርቸሌ» የሚለው ስም ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በአዲስ አበባ ከርቸሌ ውስጥ የነበረውን የከባድ እስረኞች ክፍል ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ብሎ ጠራው። ያ እስር ቤት ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ተሠርቶ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ ስም ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች የተለየ ትርጉም ሊኖረው ይገባል። በደሴቶቻችን ያሉት መነኮሳት «ዓለም በቃኝ» ብለው በታንኳ የተሻገሩት በፈቃዳቸው ነው፤ ለጸሎትና ለንስሐ ጊዜ ለማግኘት ነው። የሞት ፍርደኛው ግን «ዓለም በቃህ» የተባለው በሌላ ሰው አፍ ነው፤ ለንስሐ የሚበቃ ጊዜ ይኑረው አይኑረውም አያውቅም።

ዛሬ ሕጋዊው ስም «ማረሚያ ቤት» ነው። ስሙ መልካም ስም ነው። ማረም የሚለውን ቃል ገበሬውም መምህሩም ያውቁታል። ገበሬ ጤፉን ሲያርም አረሙን ነቅሎ ቡቃያውን ያተርፋል፤ ቡቃያውን ከነአረሙ የነቀለ ሰው አረመ አይባልም፣ አጠፋ ይባላል እንጂ። መምህርም የተማሪውን ስሕተት ያርማል፤ ወረቀቱን ግን አይቀድም። ታዲያ ማረሚያ ብለን በሰየምነው ቤት ውስጥ ሰውን ልንገድል ብንቀጥር ስሙና ሥራው እንዴት ይስማማሉ? ጌታችንም ስለ ስንዴውና ስለ እንክርዳዱ በመሰለው ምሳሌ አገልጋዮቹ ለመንቀል ሲቸኩሉ መከር እስኪደርስ እንዲታገሡ አዟል፤ ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ሠግቶ ነውና።

ከግንቡ ውስጥ

የእስረኛ ቀን በቈጠራ ተጀምሮ በቈጠራ ያልቃል። በመካከሉ ሽመና የሚሠራ አለ፣ እንጨት የሚጠርብ አለ፣ በእስር ቤቱ ትምህርት ቤት ፊደል የሚቈጥር ጐልማሳ አለ። ከእናቱ ጋር የታሰረ፣ ከግንቡ ውጭ ያለውን ዓለም የማያውቅ ሕፃንም አለ። ከሁሉ ይልቅ የሚጠበቀው ግን የጥየቃ ቀን ነው። ስሙ የተጠራ ሰው ፊቱ ይበራል፤ የሚያገኘው አንድ ሳሕን ሽሮ ቢሆንም እንኳ «እኔም ሰው አለኝ» የሚል ምስክር ነው። ጠያቂ የሌለው እስረኛ ሁለት ጊዜ ታስሯል።

እስረኞች ሁሉ የሚቈጥሩት ነገር አላቸው። የቀጠሮ እስረኛ እስከ ቀጠሮው ያለውን ቀን ይቈጥራል። ፍርደኛ የቀረውን ዓመት ይቈጥራል። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት እንኳ መልካም ጠባይ ካሳየ 20 ዓመት ሲሞላው በአመክሮ የመውጣት ተስፋ አለው። የሞት ፍርደኛው ብቻ የሚቈጥረው የለውም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 117 ስለዚህ ቅጣት ያዘዘውን ማወቅ ይገባናል። የሞት ፍርድ የሚፈረደው ወንጀሉ እጅግ ከባድ፣ ወንጀለኛውም በተለየ አደገኛ ሲሆን፣ ወንጀሉም በሙከራ ሳይቀር ሲፈጸም፣ ቅጣቱን የሚያቀልል ምክንያትም ሲታጣ ነው። ወንጀሉን ሲሠራ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ሞት አይፈረድበትም። ፍርዱ በአደባባይ ወይም በስቅላት እንዳይፈጸም ሕጉ ይከለክላል። ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀውም አይፈጸምም። ከዚህም የተነሣ ፍርደኛው አንድ ፊርማ ሲጠብቅ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። በሕዝብ ዘንድ የታወቀው የመጨረሻው ፍጻሜ የተደረገው በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ነው፤ የደኅንነት ሹም የነበሩትን ክንፈ ገብረ መድኅንን በ1993 ዓ.ም. በመግደል የተፈረደበት ሻለቃ ፀሐይ ወልደ ሥላሴ በዚያን ጊዜ ተገደለ። ከዚያ ወዲህ ፍርዱ ይፈረዳል፤ ፍርደኛውም ይጠብቃል።

ይህ ጥበቃ ምን እንደሚመስል በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 40 ተጽፎልናል። ከዮሴፍ ጋር ሁለት የፈርዖን ሹማምንት ታስረው ነበር። ሁለቱም በአንድ ሌሊት ሕልም አዩ፤ በሦስተኛው ቀን አንዱ ወደ ሹመቱ ተመለሰ፣ ሁለተኛው ተሰቀለ። ቅዱስ መጽሐፍ በዚያ ታሪክ ያስቀደመው የዮሴፍን ሕልም መፍታት አይደለም። ዮሴፍ በጠዋት ገብቶ ፊታቸው ጠቊሮ ባየ ጊዜ ምን እንደ ሆኑ ጠየቃቸው። እርሱ ራሱ በሐሰት የታሰረ ሰው ነበር፤ የራሱ ኀዘን ይበቃው ነበር፤ ዳሩ ግን የሰውን ፊት አየ። የእስረኛ ጠያቂነት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከግንቡ ውጭ

አሁን ደግሞ ከግንቡ እንውጣ። ሁለት እናቶችን በዓይነ ኅሊናችን እናቁም። ሁለቱም በአንድ ደብር ያስቀድሳሉ። የአንደኛዋ ልጅ ተገድሏል። የሁለተኛዋ ልጅ ገዳይ ነው፤ ሞት ተፈርዶበታል።

ለመጀመሪያዋ እናት ሰፈሩ ሁሉ ለቅሶ ተቀምጧል፤ ዕድሩ ድንኳን ተክሏል፤ ካህናት ፍትሐት አድርሰዋል። ይሁን እንጂ ዐርባው ከወጣ በኋላ የሚመጣው ሰው እያነሰ ይሄዳል። ሌሊት ልጇ በር የሚያንኳኳ ይመስላትና ትነሣለች። ይህችን እናት «ይቅር በዪ» ማለት ለእኛ ለወጣቶች በጣም ቀላል ነው፤ ከአፋችን ለመውጣት አንድ ትንፋሽ ይበቃዋል። እርሷ ግን ይህን ቃል ለማለት ምናልባት ዕድሜዋን ሁሉ ትታገላለች። ስለሆነም ስለ ምሕረት የሚሰብክ ሰው አስቀድሞ በእርሷ ቤት ደጃፍ ያልቆመ እንደ ሆነ ስብከቱ ከንቱ ነው። ደሟ የፈሰሰባትን እናት ረስቶ ለገዳይ የሚያዝን ምሕረት ወንጌል የሚያስተምረው ምሕረት አይደለም።

ለሁለተኛዋ እናት ደግሞ ድንኳን የተከለ ዕድር የለም። የምታለቅሰው ለቆመ ሰው ነውና አጽናኝ የላትም። ስንቋን ቋጥራ ወደ እስር ቤቱ በር ስትሄድ ጎረቤት መንገድ ይለውጣል። በሩ ላይ ያመጣችውን ምግብ ቅመሺ ትባላለች፤ ትቀምሳለች። በቤተ ክርስቲያንም ዓምድ ተጠግታ በስተ ኋላ ትቆማለች። ኀጢአቱ የልጇ ነው፤ ዕፍረቱን ግን የተሸከመችው እርሷ ናት። ሁለቱ እናቶች ከአንድ ጽዋ ሲቀበሉ የማያውቅ ሰው ማንኛዋ የማን እናት እንደ ሆነች ለይቶ ሊናገር አይችልም።

ከግንቡ ውጭ ግን ሌላም የሞት ፍርድ አለ፤ ይህንንም ሳንናገር ብናልፍ እግዚአብሔር ይታዘበናል። በገጠሩ አገራችን ደም መመለስ የሚባል ፍርድ አለ። ገና ጢሙ ያልበቀለ ልጅ የአባቱ ወይም የወንድሙ ጠመንጃ ይታየውና «አንተ ወንድ አይደለህም?» ይባላል። ይህን ፍርድ ከላይ ካየነው ሕግ ጋር እናስተያየው። ሕጉ 18 ዓመት ያልሞላውን ይምራል፤ ደመኛ ዕድሜ አይቈጥርም። ሕጉ በገዳዩ ላይ ብቻ ይፈርዳል፤ ደመኛ ገዳዩን ካጣ ወንድሙን፣ ወንድሙን ካጣ ያጎቱን ልጅ ይወስዳል። በሕጉ ይግባኝ አለ፣ ይቅርታም አለ፤ በደመኛ ዘንድ ሁለቱም የሉም። ፍርዱን ጨርሶ ከእስር የወጣ ሰው እንኳ በሩ ላይ ሌላ የሞት ፍርድ ሲጠብቀው አገር ለቆ የሚሄደው ከዚህ የተነሣ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን በግጭት ውስጥ ሲያልፍም ስንቱ ሰው ዳኛ ፊት ሳይቆም እንዳለፈ በየሰፈራችን እናውቃለን። በየልባችን ውስጥ የሞት ፍርድ የሚፈርድ ዳኛ እንዳይቀመጥ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገን ጊዜ ላይ ነን።

ታሪካችን የመሰከረው

ሞት የተፈጸመበት ፍርድ አይመለስም። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ የለብንም። በጎጃም ምድር ጣሊያንን አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጠላት ከወጣ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ከመንግሥት ጋር በመጣላታቸው ሞት ተፈርዶባቸው ነበር፤ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠላቸው፤ በኋላ ከእስር ሲያመልጡ ተይዘው ተሰቀሉ። ዛሬ ወደ ባሕር ዳር በአውሮፕላን የሚመጣ መንገደኛ የሚያርፈው በእርሳቸው ስም በተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አንዱ ትውልድ በገመድ ያነሣውን ሰው ሌላው ትውልድ በክብር አነሣው። ስም ማረፊያ ተሰየመለት፤ አንገት ግን አልተመለሰም። 

በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ወደ 60 የሚሆኑ ሹማምንትን ፍርድ ቤት ሳያቀርብ በከርቸሌ ረሸነ። ያለ ፍርድ መግደል አንድ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ ማቆሚያ አላገኘም። የቤተ ክርስቲያናችን ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በምሥጢር ተገደሉ። ምእመናን አባታቸው የት እንደ ወደቁ እንኳ ሳያውቁ 13 ዓመት ኖሩ። ዐፅማቸው ተገኝቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ እንበል። የደርግ ባለሥልጣናት ተራቸው ደርሶ ታሰሩ፤ ዳኛ ፊት ቀረቡ፤ ለሌላው የነሡትን ጠበቃና ይግባኝ እነርሱ አገኙ። በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋናዎቹ ላይ ሞት ፈረደ። ይህ በሆነ ጊዜ የአራት የሃይማኖት ተቋማት መሪዎች ተሰብስበው ይቅርታ እንዲደረግላቸው አማለዱ። ቤተ ክርስቲያናችንን በዚያን ጊዜ ይመሩ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በደርግ ዘመን ለብዙ ዓመት የታሰሩ አባት ነበሩ፤ ጵጵስናንም የተቀበሉት ደርግ ከገደላቸው ከአቡነ ቴዎፍሎስ እጅ ነበር። በግንቦት 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23ቱን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡ። ከእነርሱም ብዙዎቹ 20 ዓመት ታስረው በመስከረም 2004 ዓ.ም. በአመክሮ ወጡ። ይህ ነገር ከሟቾቹ ቤተሰብ ብዙውን እንደ ከበደው መገመት አያዳግትም፤ ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም። ነገር ግን በዚያ ዓመት ቢያንስ አንድ የደም ሰንሰለት ተበጠሰ። የገደሉትን የመግደል ተራ የደረሳት አገር ተራዋን አሳለፈች። በ1986 ዓ.ም. ያን ያህል ሕዝብ የተፈጀባት ሩዋንዳም ሻለቃው በተገደለበት በዚያው በ1999 ዓ.ም. የሞት ቅጣትን ከሕጓ ሠርዛለች።

«ሰይፍስ?» ለሚሉ

ከመካከላችን በጥያቄ የሚነሣ ይኖራል። «ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 13 ሹም ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ እንዳልሆነ ጽፏል፤ በኦሪትም የሰውን ደም ያፈሰሰ ደሙ እንዲፈስ ታዟል፤ ፍትሐ ነገሥታችንም ሞትን ያውቃል» ይላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በማቃለል ልናልፈው አይገባም። መንግሥት ወንጀለኛን የመያዝና የመቅጣት ሥልጣን አለው፤ ይህ ባይኖር ድኻው በማን ይጠበቅ ነበር? ነገር ግን የመጀመሪያውን ነፍሰ ገዳይ ቃየልን እግዚአብሔር ቀጣው እንጂ አላስገደለውም፤ ማንም እንዳይገድለው ምልክት አደረገለት። ሹም ሰይፍ ቢታጠቅም ቤተ ክርስቲያን የታጠቀችው መስቀል ነው፤ ከጥንትም ጀምሮ ሥራዋ በንጉሥ ፊት ቆሞ መማለድ፣ በደጇ የተጠጋውን አሳልፎ አለመስጠት ነበር። ዳኛው የዳኛን ሥራ ይሥራ፤ እኛ ግን የአማላጅን ቦታ ባዶ አናድርግ።

ደግሞም ስለ መጥምቁ ዮሐንስ አንገት፣ ጣሊያን በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ስለ ረሸናቸው ስለ አቡነ ጴጥሮስ ማልቀስ ቀላል ነው፤ ንጹሓን ነበሩና። ፈተናው በደለኛው ላይ ነው። በቀራንዮ ከጌታ ጋር ከተሰቀሉት አንዱ ቅጣቱ ለሥራው የሚገባ መሆኑን በገዛ አፉ መስክሯል። ወደ ገነት ከሁሉ ቀድሞ የገባው ግን እርሱ ነው። በስቅለት ዕለት ስንሰግድ የምንደግመው ጸሎት የአንድ ሞት ፍርደኛ ጸሎት መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለነዋል? ለእርሱ ጥቂት ሰዓት በቃችው፤ ከጎኑ የተሰቀለው ጌታ ነበርና። ለሌላው ፍርደኛ ስንት ጊዜ እንደሚበቃው ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። የሞት ቅጣት ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ገና ያልዘጋውን የንስሐ በር ሰው ቀድሞ ይዘጋዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ሁሉ አንብበን አጣጥፈን ብናስቀምጠው ጥቅም የለውም። ከዚህ የሚከተሉትን ብንጀምር መልካም ይመስለኛል።

አንደኛ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 እስረኛ በሃይማኖት አማካሪው የመጎብኘት መብት አለው። የንስሐ አባት የሌላቸው ፍርደኞች አባት እንዲያገኙ ከካህናቶቻችን ጋር ተነጋግረን ፈቃድ እንጠይቅ። ለበዓል ብቻ ሳይሆን ከበዓል በኋላ ባሉት ባዶ ቀኖችም ጠያቂ የሌለውን እየጠየቅን ስንቅና ሳሙና እናድርስ።

ሁለተኛ፤ እኛ የፔዳ ተማሪዎች ነን። ግቢያችን ፔዳ የተባለው በ1965 ዓ.ም. ሲከፈት የፔዳጎጂ አካዳሚ ስለ ነበረ ነው፤ ፔዳጎጂም የማስተማር ጥበብ ማለት ነው። በእስር ቤት ትምህርት ቤት ፊደል የሚቈጥሩ ሰዎች አሉ። ያነበብናቸውን መጻሕፍት፣ የጨረስናቸውን የ12ኛ ክፍል ማስታወሻዎች ብንሰበስብላቸው፣ በዕረፍታችንም ብናስተምራቸው የግቢያችንን ስም በሥራ ተረጐምነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ዐርባው የወጣበትን ለቅሶ ቤት እንጎብኝ። ልጇ የተገደለባትን እናት ውኃ እንቅዳላት፣ እንጨት እንፍለጥላት፣ አብረን ዝም ብለን እንቀመጥ። ስለ ይቅርታ እርሷ ራሷ እስክታነሣው ድረስ አንናገር።

አራተኛ፤ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ በዘመዶቻችን መካከል የደም ነገር ቢኖር «የተማረ ልጅ ነው» ተብለን የምንሰማበት ወንበር አለ። ያን ወንበር ለዕርቅ እንጠቀምበት። ሽማግሌዎችንና ካህናትን እናስነሣ፤ ታናናሽ ወንድሞቻችን ጠመንጃ እንዲወርሱ አንፍቀድ።

የሞት ፍርደኛውን ማን ይጠይቀው ያልን እንደ ሆነ መልሱ ይህ ነው። በመጨረሻው ቀን ሁላችንም ፍርደኞች ሆነን ስለምንቆም፣ ያን ጊዜ ጠያቂ የምንሻ ሁሉ ዛሬ እንጠይቀው።

አምላካችን ለታሰሩት መፈታትን፣ ለሞቱት ዕረፍትን፣ ላዘኑት መጽናናትን፣ ለእኛም የምሕረትን ልብ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።